ከባዱ ሣጥን

ሐምዱ ሁለቱን ሣጥኖች፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው ከፍ ዝቅ አደረጋቸው። ዓይኖቹን ጨፍኗል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጡት አስመጪው ሐጂ ባህረዲን ሙስባሃቸውን መቁጠር አቁመው ያዩታል፤ ዕቃ ሊገዙ የመጡ አራት አምስት ሰዎችም ያዩታል።

ልጁ ራዲያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይሄኛው» አለ አባቷ በመጨረሻ፣ በቀኝ እጁ የያዘውን ከፍ አድርጎ። ዕድሜ የጠገበ፣ ግራጫ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጥግ ጥጉ የዛገ ሣጥን ነው። «ይሄኛው ውስጡ ብረትና መዳብ ሞልቶታል። ያኛው ባዶ ነው፤ ቆርቆሮና ቀለም።»

ያኛው ግን ያምራል። ሰማያዊ ነው፣ ከካርቶኑ ገና መውጣቱ ነው፣ ፊቱ ላይ የምትበራ ቀይ መብራት አለችው። ራዲያ የወደደችው እሱን ነው።

ሁለቱም ኮንቨርተር ይባላሉ። ሥራቸው የከተማውን ወይም የጤና ጣቢያ ጄኔሬተርን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ተቀብለው ወደ መኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት መለወጥ ነው። ሐምዱ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከውዳቂ ብረት ምድጃ በመሥራት ስሙ የታወቀ ሰው ቢሆንም ኮንቨርተር ገዝቶ አያውቅም። እዚህ ሱቅ ያመጣው የሲስተር ብርሃኔ ጉዳይ ነው። ሲስተር ብርሃኔ በየገጠሩ እየዞረች ሕፃናት የምትከትብ ነርስ ናት፤ የምታድረውም ላንድሮቨር በሚጎትተው አሮጌ ካራቫን፣ ማለትም ጎማ ባለው ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት መንዝ ላይ ውርጩ አጥንቷ ድረስ ዘልቆ አሳመማት። ከዚያ ወዲያ አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ ፈረንጅ አንድ የላምባ ማሞቂያ ገዛችና «ጋሼ ሐምዱ፣ ይህን ቤቴ ውስጥ ይትከሉልኝ» ብላ መጣች።

ማሞቂያው እሳቱን ከላምባ ያገኛል፤ ሙቀቱን ወደ ቤቱ የሚነፋለት ማራገቢያ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚዞረው። ካራቫኑ ውስጥ የነበረው ኮንቨርተር ደግሞ ድሮ ለሁለት አምፖል ተብሎ የተገጠመ፣ አሁን አርጅቶ የሚያንኮራፋ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሌላ መምረጥ ግድ ሆነ፤ ለመምረጥ ደግሞ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

«ልጄ፣ እስቲ የተጻፈበትን አንብቢልን» አለ ሐምዱ ሣጥኖቹን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ። ሱቁ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጓል። «ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሐጂ። እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው፤ ወላሂ!»

ባንኮኒውን ተደግፎ የቆመው የሐጂ ልጅ ጠሃ ፈገግ አለ። ጠሃ እሷ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ነው የሚማረው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጫማው ያብረቀርቃል። የአባቷ ሸሚዝ ግን ፍንጣሪ የበሳሳው ነው፤ የጥላሸቱ ሽታ እሷ ድረስ ይመጣል። ራዲያ ከአባቷ አንድ እርምጃ ራቅ አለች፤ ለማንበብ እንደምትጎነበስ አስመስላ።

በሁለቱም ላይ አሥራ ሁለት ቮልት ይላል። ቮልት የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ከሥሩ ሌላ ቁጥር አለ፤ በሰማያዊው ላይ አሥር፣ በግራጫው ላይ ሠላሳ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻዋን ቆማለች። እሷን አታውቃትም።

«አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ጉሮሮ አትቆርጥም። ነገር ግን ትምህርት ቤቷ የእንግሊዝ አገር ወንዞችን አንድ በአንድ ሲያስሸመድዳት ይህችን ቃል አንድም ቀን አላስተማራትም። እንዲያውም «አላውቅም» ያለ ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ይንበረከካል፤ እየገመተ የሚለፈልፈው «ጎበዝ» ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት አዋቂ አያፈራም። የሚያፈራው አፈ ፈጣን ነው፤ ከመሃይም ይልቅ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

«እኩል ናቸው» አለች ራዲያ ቀና ብላ። «ሁለቱም አሥራ ሁለት ቮልት ናቸው። አዲሱን እንውሰድ።»

«እኩልማ አይደሉም፣ ልጄ። ክብደታቸውን እይው እንጂ። ይኸኛው እኮ…»

«አባ!» አለች። ጠሃ እያያት ነው። «ኤሌክትሪክ በኪሎ አይሸጥም እኮ!»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ቦርጫም ደንበኛ ጭኑን እየመታ «ሐጂ፣ ለእኔም ግማሽ ኪሎ መብራት ይመዝኑልኝ፤ ምርቃት አይርሱ!» አለ። ጠሃ አፉን በእጁ ይዞ ዞር አለ። ሐጂ ባህረዲን እንኳ ሙስባሃቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ሐምዱም ሳቀ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ከባዱን ሣጥን፣ የሚነቃ ሕፃን ይመስል፣ ቀስ አድርጎ ወደ መደርደሪያው መለሰው።

«የተማረ ያውቃል» አለ። «ሰማያዊውን ስጡን።»

ብረትን አንኳኩቶ የት ጋ እንደሚሰበር የሚናገር ሰው፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በተናገረችው ምክንያት ሠላሳ ዓመት ባሠለጠነው እጁ አፈረ። ራዲያ ያን ሰኞ ይህን አላየችም። ያየችው የጠሃን ፈገግታ ነው።

መርካቶ ስም ለማውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። በማግሥቱ ጠዋት ጋሪ የሚገፉት ወጣቶች ሐምዱን ሲያዩ «ኪሎ! ኪሎ እንዴት አደርክ?» አሉት። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ቆርቆሮ ቀጥቃጮችም ስሙን ተቀብለው ጠሩት። ሐምዱ እጁን እያነሣ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ያልፋቸዋል፤ ራዲያ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ትከተላለች። የተናገረችው እሷ፣ ስሙን የተሸከመው እሱ።

ረቡዕ ዕለት ኮንቨርተሩ ተገጠመ። ሲስተር ብርሃኔ ካራቫኗን ሐምዱ ከሚሠራበት ቦታ ፊት ለፊት አቆመችው። ሐምዱ በፒንሳና በካቻቢቴ ሲታገል ዋለ፤ ሰማያዊውን ሣጥን አልጋው ራስጌ ሥር ባለው የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ አሰረው። ከጎረቤት መብራት ስበው ሲያበሩት ማራገቢያው እየነፋ ተሽከረከረ፤ ሞቅ ያለ አየር ቤቱን ሞላው።

«እሰይ! እሰይ ጋሼ ሐምዱ!» አለች ሲስተር ብርሃኔ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እያጨበጨበች። «ዘንድሮ መንዝ በካልሲ አልተኛም ማለት ነው! እስቲ ደግሞ መብራቱን ሁሉ እናብራው።»

አራቱን አምፖሎች አበራች። የውኃ መሳቢያዋንም ነካችው። ጧ! አለና ሁሉም ጠፋ።

ሐምዱ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ መዳፉን ሰማያዊው ሣጥን ላይ አሳረፈ፤ እንደ ሐኪም ለረጅም ጊዜ አላነሣውም።

«ትኩሳት አለው» አለ። «ፊውዙም ተቃጥሏል። ልጄ፣ ይህ ነገር የበዛበት አይመስልሽም?»

በዚያች ቅጽበት ራዲያ ሱቁን፣ ሳቁን፣ ሠላሳ የሚለውን ቁጥር አሰበች። ሲስተር ብርሃኔ መልስ ትጠብቃለች።

«ኤሌክትሪክ መሞቁ ያለ ነው» አለች ፈጥና። «የማይረባው ፊውዙ ነው።»

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ፊውዝ ተቃጠለ ተብሎ ሌላ ፊውዝ አይገዛም፤ በቦታው የመዳብ ክር ይጠመጠማል። ሐምዱ ከወለሉ ላይ ቁራጭ የመብራት ገመድ አንሥቶ ልጦ፣ ክሩን በጣቶቹ መካከል አሹሎ ልጁን አያት። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ እስከ ዛሬ ግን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም።

«ልጠምጥምበት?»

«ይጠምጥሙበት፣ አባ።»

ጠመጠመበት። ሁሉም በራ፤ ማራገቢያውም ዞረ። ሲስተር ብርሃኔ የራዲያን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ «የወደፊቷ መሐንዲስ!» አለቻት። ዓርብ ማለዳ መንገድ እንደምትጀምርም ነገረቻቸው። ራዲያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጉንጯ ግን የተቆነጠጠበት ቦታ የተመታ ያህል ያቃጥላት ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሳይንስ መምህሩ አቶ ወልደ ሚካኤል ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ የቦኖ ውኃ ሥለው ክፍሉን አሳቁት፤ ቧንቧው ከአፍንጫቸው ጋር ይመሳሰል ነበር።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አሉ። «ቮልት ማለት ውኃው ከምን ያህል ከፍታ ተገፍቶ እንደሚወርድ ነው። አምፔር ደግሞ ምን ያህል ውኃ እንደሚወርድ ነው። በእንግሊዝኛ ‹ኤ› ብለን እንጽፈዋለን። ከአንድ ተራራ የሚወርዱ ሁለት ቱቦዎች አስቡ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ከፍታቸው አንድ ነው። ውኃቸውስ?»

ራዲያ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይም መጻፍ ጀመረች። ትናንት ካራቫኑ ውስጥ ዕቃዎቹ ላይ ከዚያችው ‹ኤ› ጋር ያየቻቸውን ቁጥሮች ነው፤ ማራገቢያው ስምንት። አራቱ አምፖሎች ሁለት ሁለት፣ ያም ስምንት። የውኃ መሳቢያዋ አምስት። ደመረችው፤ ሃያ አንድ። ሰማያዊው ሣጥን አሥር። እንደገና ደመረችው። ቁጥር ደግሞ ስለተለመነ አይቀንስም።

እጇን አወጣች። «መምህር… ቱቦው ከሚችለው በላይ ቢጎተትበትስ?»

«ይግላል። ለዚህ እኮ ነው ፊውዝ የሚደረገው። ፊውዝ ዘበኛ ነው፤ ከአቅም በላይ ሲመጣ እሱ ሞቶ ቤቱን ያድናል።»

«ፊውዙን አውጥተን የመዳብ ክር ብናደርግበትስ?»

አቶ ወልደ ሚካኤል ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «እሱማ ዘበኛውን ገድሎ በሩን ክፍት መተው ነው። የሚገባው ሌባ ደግሞ እሳት ነው። ምነው፣ እንዲህ ያደረገ ሰው አለ?»

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። «የለም» አለች ራዲያ። ውሸት አንድ ጊዜ በር ከተከፈተላት ባለቤት ትሆናለች።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሮቿ ወደ ቤት ሊወስዷት ፈለጉ። ዝም ብትልስ? ምናልባት ሲስተር ብርሃኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታበራ ይሆናል። ምናልባት ክሩ ራሱ ይበጠስ ይሆናል። ለራሷ ብዙ «ምናልባት» ደረደረች፤ ሆኖም እያንዳንዱ አልጋው ራስጌ ሥር ካለው የእንጨት ቁም ሣጥን ጋር ይላተማል። መንዝ ላይ፣ ብርዱ ሲጠና፣ ሲስተር ብርሃኔ ማሞቂያውን ለኩሳ፣ በሩን ጠርቅማ፣ ራሷን እዚያ ላይ አስደግፋ ነው የምትተኛው።

ራዲያ ወደ ምን አለሽ ተራ ታጠፈች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ በኋላ በሩጫ።

አባቷ የምድጃ ክዳን እየቀጠቀጠ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«አባ፣ ሣጥኑ አይበቃም።»

መዶሻው ቆመ።

«የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ማራገቢያው፣ መብራቱና የውኃ መሳቢያው ሲደመሩ ሃያ አንድ ይሆናሉ፤ እሱ የሚችለው አሥር ነው። ፊውዙ የተቃጠለውም ለዚያ ነው። ክሩ ደግሞ… አባ፣ ክሩ እሳት ያመጣል።»

ሐምዱ መዶሻውን አስቀመጠ። ክዳኑን ገልብጦ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እጄ ነግሮኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ግን እሷ አንብባለች፣ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩ።»

«አላነበብኩትም» አለች ራዲያ። «አንዷን ነገር አላወቅኋትም። ዘለልኳት።»

ቢቆጣት፣ ቢሰድባት፣ መዶሻውን ቢወረውር ይሻላት ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ፒንሳውን ከመሣሪያ ማስቀመጫው ፈለገ።

«የዚያ የከባዱ ቁጥር ስንት ነበር?»

«ሠላሳ።»

«ይበቃል?»

«ይበቃል። ይተርፋልም።»

«እንግዲያ ሳይሸጥ እንድረስበት።»

ካራቫኑ እዚያው ፊት ለፊት እንደቆመ ነው፤ ገብተው ሰማያዊውን ሣጥን ሲፈቱት ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ አገኙት። የሳንቲም ያህል ናት፤ ትንሽ ጥቁር ክብ። አባቷ ክቧን አያት፤ ራዲያም አየቻት።

የሐጂ ባህረዲን ሱቅ ከሰኞው ይልቅ ሞልቷል። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ ሬዲዮ እየጮኸ ዜና ያወራል። ያ ቦርጫም ደንበኛ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ሐምዱን ገና ከበሩ ሲያየው ክንዶቹን ዘረጋ።

«አሃ፣ ኪሎ መጣ! ምነው፣ ሚዛን ጎደለብህ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ሐጂ ባህረዲን ሰማያዊውን ሣጥን አይተው ፊታቸው ኮስተር አለ። «ምነው ሐምዱ፣ ዕቃዬ ምን ጎደለው?»

ራዲያ አፏን ከፈተች። አባቷ ግን ቀደማት።

«ዕቃዎ ምንም አልጎደለው፣ ሐጂ። ልጄ የመረጠችውም ትክክል ነው። ያቃተኝ እኔ ነኝ።» ሁለት እጆቹን ገልብጦ አሳያቸው፤ ጠባሳቸውን፣ ጥቁረታቸውን። «አዲስ ነገር ማሰር አልሆነልኝም። ይህ እጅ የለመደው አሮጌ ነው። ያን ከባዱን ለውጠው ይስጡኝና እንደ ልማዴ ልሥራ።»

«አላልኩም!» አለ ቦርጫሙ። «ሰውዬው ያለ ኪሎ አይሆንለትም!»

ሳቁ ከሰኞው በለጠ። ሐምዱ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ፤ ልክ እንደ ሰኞው። ሐጂ ባህረዲን ፊታቸው ተፈታ፤ «ምን ችግር አለው፤ ያ እንደሆን የሚወስደው አጥቶ ስንት ጊዜው ነው» ብለው ጠሃን አዘዙት። ጠሃ ከባዱን ሣጥን በሁለት እጁ እያቃሰተ አወረደው። ሲያቀብል ወደ ራዲያ ጠጋ ብሎ፣ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ «አይዞሽ፤ አንቺማ ምን አጠፋሽ» አላት በሹክሹክታ።

ራዲያ ፊቷን ከእሱ አዞረች።

ሐምዱ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አወጣው። ክብደቱ ወደ ጎን አዘነበለው። «ነይ ልጄ፣ እንሂድ። ሳይመሽ እንግጠመው» አለ። በሩ ክፍት ነው። ውጭ ጋሪዎች ይንጓጓሉ፤ ሰው ይጋፋል፤ እዚያ ከገባች ማንም አያያትም። ከባዱ ሣጥን ተገኝቷል። ሲስተር ብርሃኔ በሰላም ትተኛለች። የቀረ ነገር የለም፤ አባቷ ሁሉንም ሸፍኖላታል፤ ከእሷ የሚፈለገው ተከትላው መውጣት ብቻ ነው።

አባቷ በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ራዲያ?»

እሷ ግን ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ባንኮኒው ላይ ዘርግታለች። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ግሏል። ቦርጫሙ ሰውዬ ገና እየሳቀ ነው። ሬዲዮው ይጮኻል።

«ሐጂ» አለች። አልሰሟትም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመችው።

«ሐጂ፣ እባክዎ ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ። ሁሉም እንዲሰማኝ ነው።»

ሐጂ ባህረዲን በመገረም አዩዋት፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ሬዲዮው ዘረጉ።